ጋውኑ የአንድ፣ ስንቁ የብዙ

ሐምሌ ደብረ ታቦር ላይ የጭቃና የጉም ወር ነው። የጉና ተራራ ራሱን ከደመና የሚያወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ዝናቡም የሰው ፕሮግራም አይጠብቅም። አገር ደህና በሆነ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት የሚውለው በዚሁ ሰሞን ነው። ጥቁር ጋውን የለበሱ ወጣቶች በየትምህርት ክፍላቸው ተሰልፈው ይገባሉ፤ መዝሙር ይዘመራል፤ የክብር እንግዳው ንግግር ያደርጋሉ፤ የየኮሌጁ ስም ሲጠራ ተመራቂዎቹ ብድግ ይላሉ፤ ዲግሪው እንደተሰጣቸው ይታወጃል፤ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ሜዳልያና ዋንጫ ይቀበላሉ። ይህ ሁሉ በመርሐ ግብሩ ላይ ታትሟል። ያልታተመው የሚጀምረው ደጃፉ ላይ ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በአይሱዙና በሚኒባስ የመጡ ዘመዶች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ኮንጎ ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ቆመው ይጠብቃሉ። የፕላስቲክ አበባ የሚሸጡ ልጆችና ፎቶ አንሺዎች በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ። ተመራቂው መጥቶ ጉልበት ይስማል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ቀጥሎ ማንም ያላዘዘው ነገር ይሆናል። ልጁ ቆቡን አውልቆ እናቱ ሻሽ ላይ ይደፋዋል፤ ጋውኑን ለአባቱ ያለብሳል፤ ሦስቱም ተጠጋግተው ፎቶ ይነሳሉ።

ይህ ልማድ እንደ ጨዋታ ይቆጠራል፤ የዩኒቨርሲቲው ካሜራም ብዙ ጊዜ አይቀርጸውም። ነገር ግን የዕለቱ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ብዙ ናቸው። ከፋዮቹ በሕዝብ ፊት የሚታዩበት፣ ትምህርቱም በሕዝብ ፊት የሚመሰከርበት ሌላ ቀን የለም። ስለዚህ ምርቃት መከበር አለበት፤ በተለይ እንደ ምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር ባለ አገር ይበልጥ መከበር አለበት። ክብሩ ግን በሁለት ነገር የታሰረ ነው። ከፋዩን መቁጠርና ስለ ትምህርቱ እውነቱን መናገር አለበት። ሁለቱን ካልሠራ የልብስ ትርኢት ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ የሚነቅፉት ሰዎች ትክክል ይሆናሉ።

የስንቅ ሂሳብ

ዋጋውን ለመገመት የአገሩን አቀማመጥ ማወቅ ይጠቅማል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን በሠሩት የወረታ–ወልዲያ መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ብርዳማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያና የስማዳዋ ወገዳ አሉ፤ በስተምዕራብ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ አለች። መሬቱ ከጉና ራስጌ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል። ደጋው ገብስና ድንች፣ ቆላው ማሽላና ጤፍ ያበቅላል፤ ግን ማሳው ትንሽ ነው፣ አፈሩ በጎርፍ ታጥቧል፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው መርሐ ግብር ሲጀመር እነዚህ ወረዳዎች ከታቀፉት መካከል የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ተመራቂ ያደገው ወላጆቹ እርከን ሠርተው ስንዴ ወይም ብር ከሚቀበሉበት ቤት ነው።

ከእንዲህ ያለ ቤት አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እስኪገባ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። አንደኛ ደረጃውን ከመንደሩ ብዙ ሳይርቅ ይጨርሳል። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ወረዳው ከተማ ወርዶ ከሦስት አራት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል። አርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ እሁድ በሶውን፣ ሽሮውን፣ ደርቆሹን፣ አንዳንዴም ድንቹን በማዳበሪያ ቋጥሮ በእግሩ ይመለሳል። ያ ቋጠሮ ሳምንቱን ካላደረሰ ሐሙስና አርብ በባዶ ሆድ ክፍል መግባት አለ። ለኪራይና ለደብተር በግ ይሸጣል፤ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ የእናት የእንቁላል ሳንቲም ይጠራቀማል። ታላቅ ወንድም ትምህርቱን አቋርጦ ሞፈር ይይዛል፤ ወይም በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ፣ ወባውን ችሎ፣ ያገኘውን ይዞ ይመለሳል። ታናሽ እህት የተማሪውን ድርሻ ውኃና እንጨት ትሸፍናለች። አንድ ተማሪ ከዚህ ሁሉ ጉልበት ላይ ተቀንሶ የሚሠራ ነው።

ለመንግሥት ያለው ዕዳ በውል የተጻፈ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ የምግቡና የመኝታው ወጪ ከተወሰነ የትምህርት ወጪ ጋር ተሰልቶ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ ይሆናል። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠውም ይህ ዕዳ ሲዘጋ ነው፤ በምርቃቱ ሰሞን በእጁ የሚይዘው ቴምፖራሪ የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። መንግሥት ገንዘቡን አይረሳም። የወንድሙ ሞፈርና የእህቱ እንስራ ግን የትም አልተጻፉም፤ የሚከፈሉበት ቀንም፣ የሚቆጥራቸው ሬጅስትራርም የለም። እናት ራስ ላይ የሚደፋው ቆብ ለዚህ ያልተጻፈ ዕዳ የተሰጠ እውቅና ነው። ልማዱን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረውም፤ ተመራቂዎች ራሳቸው ያመጡት ነው። ሥርዓቱ ያጎደለውን ማን እንደሞላው ተመራቂው ያውቃል ማለት ነው።

ከጋውን በፊት የነበረ ምርቃት

ይህ አገር ምርቃትን ከዘመናዊ ትምህርት አልተማረም። ጋይንት ከኢትዮጵያ ነባር የትምህርት ማዕከላት አንዷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ የራሱ የምስክር ቤት አለው፤ ተማሪው በየአገሩ ከተማረ በኋላ ሊቅ ለመባል ወደዚያ ሄዶ መመስከር ይጠበቅበታል። ለአቋቋም ጎንደር ይኬዳል፤ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ ይኬዳል። የድጓ ምስክር ጋይንት ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክርም እዚያው ጋይንት ዙር አምባ ነው። የእስቴዋ ቆማ ደግሞ በስሟ የሚጠራ የዜማ ስልት አላት፤ የዜማ ስልት ሲቆጠር ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር አብረው ይነሳሉ። ዛሬ በእርዳታ ሰነድ ላይ "የምግብ ዋስትና የሌላቸው" ተብለው የሚመዘገቡት ወረዳዎች በዜማ ካርታ ላይ መሃል አገር ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ቤተልሔም ደርሶ በክብ የሣር ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ የኖረውን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ለውጭው ዓለም አስተዋውቋል። እንግዳው የተደነቀው በሕንጻው ነው፤ ተማሪው ግን ለዘመናት ተራራ አቋርጦ ወደዚያ የሄደው ለምስክሩ ነው።

ምስክሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለክርክሬ ዋና ነገር ነው። ድጓ ዓመቱን ሙሉ የሚዜም ግዙፍ መጽሐፍ ነው፤ ተማሪው ቃሉን፣ ዜማውንና ከቃሉ በላይ የሚጻፈውን ምልክት ዓመታት ፈጅቶ ይማራል። የሚማርበትን መጽሐፍ በራሱ እጅ የመገልበጥ ልማድም አለ። ከዚያ በመምህሩ ፊት ይዘልቀዋል፤ መምህሩ ጆሮው ላይ የሳተች ምልክት ካለች ያስቆመዋል፣ ያስመልሰዋል። መምህሩ "አውቋል" የሚለው ሰምቶት ነው። በዚህ ሥርዓት ፈተናውና ክብሩ አይለያዩም፤ የሚመሰክረው ሰው የሰማው ሰው ነው፤ ያልዘለቀውን ማክበር የመምህሩን ስም ያጠፋል። ተማሪውን የሚቀልበውም መንደሩ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ ቆሞ ሲለምን ቁራሽ የሚሰጡት እናቶች የማያውቁትን ሰው ልጅ ያስተምሩ ነበር። የተማረው ሰው የመላው አገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከዚህ ወዲያ መሄድ አያስፈልግም።

ይህን የማነሳው ወደኋላ እንመለስ ለማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት በዋናነት የወንዶች ነበር፤ የሌላ እምነት ልጆችን አላካተተም፤ ብዙዎችን በረሃብና በእከክ አሰቃይቶ ከመንገድ አስቀርቷል። የምወስደው አንድ መርሕ ብቻ ነው። ክብር ከምስክርነት መነጠል የለበትም፤ ምስክሩም የቀለበው ሕዝብ ባለበት ቢሰጥ ደግ ነው። ጋውኑም ቢሆን ሲነሳ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ፤ ረጅሙ ልብስ የካህንነታቸው ነበር፣ ብርዱንም ይከላከል ነበር። በኋላ ልብሱ ከሥራው ተለይቶ የክብር ምልክት ብቻ ሆነ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዚህ መልኩ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቻንስለር ሆኑ። ተመራቂው ዲግሪውን ሲቀበል የሚቆመው በዙፋን ፊት ነበር። የገበሬው አባት ቦታ በሥርዓቱ ውስጥ አልተሰናዳለትም ነበር። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሲሆኑ፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በ2003 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ አባትየው በአይሱዙ ተሳፍሮ የሚደርስበት ርቀት ላይ መጣለት። ሥርዓቱ ግን ዙፋኑ እንደነበረበት ዘመን ወደ መድረኩ ብቻ ዞሮ ቀረ።

ምስክሩ ሲላላ

በዓሉን የሚጠራጠሩ ሰዎች ትልቁ ክርክር የትምህርት ጥራት ነው። "ማንበብ የማይችል ሰው ጋውን ለብሶ ሲጨፍር ምኑ ይከበራል?" ይላሉ። ክርክሩን ማጣጣል አይቻልም። ለዓመታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኩረጃ ተበላሽቶ ነበር። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ ሲሰጥ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆኑ፤ በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በዩኒቨርሲቲም በኩል የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ገደማ አለፉ። እነዚህ ቁጥሮች ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ጭብጨባው ምን ያህሉን ሳያጣራ እንዳለፈ ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ በዓሉን የሚያፈርሱ ሳይሆን የሚያድኑ ናቸው። የመውጫ ፈተና ቤተልሔም የነበረውን ነገር በዘመናዊ መልክ መልሷል፤ ማክበር ከመመስከር በኋላ ይመጣል። ዛሬ ከነፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ መጀመሪያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን፣ ከዚያ አንዳንዱ ሪሜዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት፣ በመጨረሻም የመውጫ ፈተናውን ያለፈ ልጅ እንደ ዐሥር ዓመት በፊቱ በጥርጣሬ አይታይም። ክብሩ ክብደት አገኘ። በዚህ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ በተሟላ ከተማ የተማረና ኩራዝና ሶላር እያፈራረቀ ያጠና ተማሪ የሚፈተኑት አንድ ፈተና መሆኑን መርሳት አይገባም። ዝቅተኛው ቁጥር የሚወቅሰው የተማሪውን ጭንቅላት ከመሆኑ በፊት የትምህርት ቤቱን ባዶነት ነው። በዚያ ባዶነት ውስጥ ማለፍ ቻለ ማለት ከውጤቱ በላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ክብር የሚያቃልለው ሌላ ነገር ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሳይቀሩ ጋውን ለብሰው "ተመረቁ" ሲባል ልብሱ የሚመሰክርለት ነገር ያጣል። የስድስት ዓመት ልጅ ደስ ሊለው ይገባል፤ ኬክ ይቆረስለት፣ ይዘመርለት። ጋውኑ ግን ለዘለቀው ይቆይ።

ድግሱ፣ ሥራውና አገሩ

ሁለተኛው ተቃውሞ ወጪን ይመለከታል። በመንደሩ የሚደገሰው ድግስ ጠላውም፣ በጉም፣ ሱፉም፣ ባነሩም በብድር ነው የሚል ነው። ይህኛው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ምክንያቱም በወሩ ላይ የቆመ ነው። ሐምሌና ነሐሴ በእነዚህ ወረዳዎች ጎተራው የሚራቆትባቸው፣ እርሻው ደግሞ ጉልበት የሚፈልግባቸው ወራት ናቸው። የሴፍቲኔት ክፍያ የሚውለው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነው፤ ምርቃቱ ሲደርስ እርዳታው አልቋል፣ አዝመራው አልደረሰም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የልብሱም የማዳበሪያውም ዋጋ ንሯል። በዚህ ሰሞን የማዳበሪያ ገንዘብ ለድግስ ያወጣ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ምግብ ይበደራል። መልሱ ድግሱን መከልከል አይደለም፤ መንደሩ ራሱ ሌላ ደስታውን በምን ወር እንደሚያከብር ያውቃል። ሠርግ ጥር ላይ የሚሆነው አውድማው ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ነው። የምርቃት ድግስም ወደ ጥር ቢዛወር ምን ይጎድላል? ሐምሌ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ዳቦ ተቆርሶ ሽማግሌ መርቆ ይለፍ፤ ድግሱ በአዲስ እህል ይሁን። ዘመድም ያኔ እጁ አይታጠፍም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ሥራ አጥነት ነው። ዲግሪ ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ወጣት በየመንደሩ አለ፤ የመንግሥት ቅጥር ጠቧል፤ አንዳንዱም ታናሽ ወንድሙ በቀን ሥራ በሚያገኘው ገንዘብ ይኖራል። ታዲያ የምን ደስታ? ብለው የሚጠይቁ ወላጆች ጥያቄያቸው እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ምርቃትን ከደመወዝ ጋር ያምታታል። ገብሱ ዋጋ ባያወጣም አዝመራው አዝመራ ነው። የተመራቂው ሥራ ማጣት የኢኮኖሚው ጉድለት ነው፤ የተጠናቀቀውን ትምህርት ወደኋላ ተመልሶ አይሽረውም። እንዲያውም በዓሉ በዝምታ ቢታለፍ የሚጠቀመው ተጠያቂው ወገን ነው፤ ስንት ልጅ ተመርቆ ስንቱ ሥራ እንዳጣ በአደባባይ የሚቆጠርበት አጋጣሚ ይጠፋል። ከመድረኩ የሚደረገው ንግግር "ሥራ ፈጣሪ ሁኑ" በሚል ምክር ብቻ ማለቁ ነው የሚያሳፍረው። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት ደረሱ የሚለውን ወላጅ ፊት መናገር የሚችል ዩኒቨርሲቲ ለበዓሉ የሚገባውን ክብር ሰጥቷል።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት በ2017 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ ነበሩ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ መምህራን ተበትነው፣ መንገድ ተዘግቶ ወላጅ የልጁን ምርቃት በስልክ እያየ እልል ማለት ነውር አይደለም ወይ? የዚህን ትውልድ ተመራቂ የዓመታት ዝርዝር መመልከት መልሱን ይሰጣል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደረሰ፤ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። አሁን የሚመረቅ የጋይንት ልጅ ትምህርቱ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ተቆርጦ ተቀጥሏል። እሱን ማክበር የቀሩትን መርሳት የሚሆነው ስለነሱ አንድም ቃል ሳይነሳ ሲቀር ነው። ሐዘን ያለበት መንደርም ልጁን ይድራል፤ እልልታው ዝቅ ይላል፣ ሟች ይነሳል፣ ሠርጉ ግን ይሆናል። ምርቃትም በዚያ ልክ ሊከበር ይችላል፤ ከመድረኩ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ይነገር፣ ተመራቂው የተቀመጠበት ወንበር አጠገብ መቀመጥ የነበረበት ጓደኛው እንደቀረ ይታወስ።

የሴቶችን ነገር ለብቻ ማንሳት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ለነሱ በዓሉ ከደስታ በላይ ሥራ ይሠራል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ቢያንስ ግማሾቹ 17 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳገቡ ያሳያል። የስማዳ ወይም የእስቴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትደርስ ሽማግሌ የላኩ ቤተሰቦችን የመለሰ አባት አለ፤ "ልጅህን አስቀርተህ አሮጊት ልታደርጋት ነው" የሚለውን የጎረቤት ወሬ ችሎ የኖረ ነው። ለዚህ አባት የምርቃቱ ቀን የአሥር ዓመት ክርክር የሚፈረድበት ቀን ነው። ጎረቤቱ በሙሉ መጥቶ ማየቱ ያስፈልጋል፤ በር ተዘግቶ የሚከበር ምርቃት ለሚቀጥለው ቤት ሴት ልጅ ምንም አይፈይድላትም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ተመራቂው አይመለስም የሚለው ነው። መንደሩ ቀልቦ፣ ደግሶ፣ ሸኝቶ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጋውን ፎቶ ብቻ ነው ይላሉ፤ ልጁ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ፣ ዕድል ከቀናውም ባሕር ማዶ ይቀራል። ሰውን በመሬቱ ላይ ማሰር አይቻልም፤ ከሄደበት የሚልከው ገንዘብም ቀላል አይደለም። ግን አገራችን ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ሞክራ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ፣ አብዛኛው በመምህርነት፣ ያገለግል ነበር። አገልግሎቱ ጉድለት ነበረበት፤ ዓላማው ግን ትክክል ነበር፤ ያልተጻፈው ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜና ቦታ ወስኗል። ዛሬ መምህር ያጡ የታች ጋይንትና የስማዳ ትምህርት ቤቶች፣ ሥራ ያጡ የሒሳብና የፊዚክስ ተመራቂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወረዳው ለክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት የአበል ብር ቢመድብ ሁለቱን ማገናኘት ትልቅ ፖሊሲ አይጠይቅም።

ስለዚህ ለምርቃት የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓቱን ማስተካከል ነው። ዩኒቨርሲቲው የክብር እንግዳውን ንግግር አሳጥሮ ወላጆች ከወንበራቸው እንዲነሱ ይጠይቅ፤ ለሜዳልያ ተሸላሚው ስም ሲጠራ የወላጁም ስምና የተማረበት የገጠር ትምህርት ቤት ይጠራ። የመውጫ ፈተና ውጤት በየትምህርት ክፍሉ በዚያው መድረክ ይነገር፤ የወደቀውን ለማሳፈር ሳይሆን የተከበረው በምን እንደተከበረ እንዲታወቅ። በወረዳም ከሆቴል አዳራሽ ይልቅ ተመራቂው በተማረበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ይከበር፤ ስንቁን ይዞ የሚመላለሰው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከፊት ረድፍ ይቀመጥ፤ ተመራቂው ያጠናበትን መጽሐፍና ያነበበበትን ዘዴ ይንገረው። ድግሱ ጥርን ይጠብቅ። እነዚህ ከተደረጉ በዓሉን "ታይታ ነው" የሚለው ሰው ክርክር ያጣል፤ ምክንያቱም የሚታየው ጋውኑ ብቻ አይሆንም። ያወቀው ነገር ተመስክሮለት፣ የከፈሉለት ሰዎች ተቆጥረው፣ ቀጣዩ ተረኛ ፊት የቆመ ተመራቂ እልል ሊባልለት ይገባል፤ ጋይንትና ቆማ ይህን የሚያውቁት ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው።